ስንብት ያላገኘችው ካታንጋ

እሑድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ሜይ 18 ቀን 2025። ሰፈራችን ካለው ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብለን የኤቨርተንን ጨዋታ እናያለን። ኤቨርተን ሳውዝሃምፕተንን 2 ለ 0 አሸነፈ፤ ሁለቱንም ጎል ያገባው ኢሊማን ንዲያዬ ነው። ስለ ጎሉ ግን ብዙም የተወራ ነገር የለም። የወንዶቹ ቡድን ከ1892 ጀምሮ ሲጫወትበት የኖረውን ጉዲሰን ፓርክን የሚሰናበትበት ቀን ነበር። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ነፋ፤ ሰዉ ግን አልወጣም። ሽበታም አባቶች እንደተቀመጡ ያለቅሳሉ። አጠገቤ የነበረው በዕድሜ የሚበልጠኝ ሰው የቡና ስኒውን አስቀመጠና «ካታንጋንስ ማን ተሰናበተልን?» አለ።

መልስ የሰጠው ሰው የለም። ጥያቄው ግን እስካሁን አልለቀቀኝም።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ካታንጋ የአዲስ አበባ ስታዲየም አንዷ ክፍል ናት። ስታዲየሙ ራሱ ስሙ ብዙ ነው። የድሮ ሰዎች ካምቦሎጆ ይሉታል፤ ከጣሊያንኛ የቀረ ቃል ነው። በንጉሡ ዘመን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ይባል ነበር። ውስጡ ደግሞ እንደ ከተማ በሰፈር የተከፋፈለ ነው። ጥላ ፎቅ አለ፤ ከፀሐይና ከዝናብ የሚያስጥል። ከማን አንሼ አለ። ሚስማር ተራ አለ። ዳፍ ትራክ አለ። ካታንጋ አለች። እነዚህን ስሞች ያጸደቀ ኮሚቴ የለም። ሰው አወጣቸው፣ ሰው ለልጁ አስተላለፋቸው። «የት ነው የምትገባው?» ተብሎ «ካታንጋ» ብሎ የመለሰ ሰው ስለ ኪሱም፣ ስለ ጠባዩም፣ ስለ ጓደኞቹም ብዙ ተናግሯል።

እኔ ካታንጋን በደንብ ያወቅኳት ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም ነው። ሱዳን የመጣች ቀን። ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ነበር የተመለስነው። 2 ለ 0 ካሸነፍን ከሜዳ ውጭ ባገባነው ጎል እናልፋለን። ካለፍን ደግሞ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ እንገባለን። ሰልፉ ላይ ስደርስ ገና አልነጋም። የገባሁት ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ኮንክሪቱ ጠዋት አጥንት ድረስ ይበርዳል፤ ቀትር ላይ ደግሞ ይፋጃል። ካርቶን ቆራርጠው የሚሸጡ ልጆች ነበሩ፤ አንድ ገዝቼ ተቀመጥኩበት። ከጎኔ አንድ ጋሼ ነበሩ። ዳቦ በላስቲክ ይዘው መጥተዋል። ገምሰው ሰጡኝ። እምቢ ብል አልሰሙኝም።

«ጋሼ፣ የ54ቱ ዋንጫ ጊዜ ነበሩ?» አልኳቸው።

«አባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ ነው ያየሁት» አሉኝ። «ልጅ ነበርኩ። ጎሉንስ አላየሁትም። ሰዉ እጁን ሲያነሳ ሁሉም ነገር ተሸፈነብኝ። እኔ የማስታውሰው እጅ ነው። የእጅ ጫካ።»

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም ማለታቸው ነው። ያን ቀን እዚያው ስታዲየም ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ በላች። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። እኔ ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። «የእጅ ጫካ» የሚለውን ግን የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጨዋታው ተጀመረ። አዳነ ግርማ አንዱን አገባ። ሁለተኛውን ሳላዲን ሰዒድ ሲደግመው ጋሼ አንገቴን አንቀው ያዙኝ። ዳቦው የት እንደደረሰ አላውቅም። እኔም እንደሳቸው ያየሁት እጅ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ጉዳዩ ግልጽ እንዲሆን ነው። ስለ ድሮ ስታዲየም ናፍቆት ሲነሳ ብዙ ሰው ነገሩን የኮንክሪት ፍቅር ያደርገዋል። ወይም «ድሮ ቀረ» የሚል የሽማግሌ እንጉርጉሮ አድርጎ ይተወዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ያ ኮንክሪት ማንንም አይናፍቀውም። የሚናፍቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከማን ጋር እንደሚሆን ሰው ራሱ የሚመርጥበት ቦታ ነበር። ቁጥር የለውም። ወንድምህ ዘግይቶ ቢመጣ ጠጋ ጠጋ ተብሎ ቦታ ይገኝለታል። በየሳምንቱ እዚያው ስትመጣ ደግሞ ነገሩ እንደ ዕድር ይሆናል። የሰውየውን ስም ላታውቀው ትችላለህ። ሁለት ሳምንት ከቀረ ግን «ያ ባለ ጃኬቱ ምን ሆኖ ነው?» ትላለህ። ሁለተኛ፣ ዋጋው ነው። የቀን ሠራተኛም፣ ተማሪም፣ ሊስትሮም ይገባበት ነበር። እነዚህን ሁለቱን ሳያፈርሱ ስታዲየም ማደስ ይቻላል ወይ? የዚህ ዘመን ጥያቄ ይኸው ነው።

መልሱን ለማግኘት እንግሊዝን ማየት ይጠቅማል። እኛ በየቅዳሜው የምናየው አገር ስለሆነ ብቻ አይደለም። ይህን መንገድ ከሠላሳ ዓመት በፊት ሄደውበታል። ጥሩውም ስህተቱም ተጽፎ ይገኛል።

እንግሊዞች ቆመው የሚያዩበትን ቦታ ተራስ ይሉታል። ወንበር የሌለው ደረጃ ደረጃ ኮንክሪት ነው፤ እዚህም እዚያም የብረት መደገፊያ አለው። ከሁሉም ስመ ጥሩ የሊቨርፑል ክለብ ስታዲየም የሆነው የአንፊልዱ ኮፕ ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ኮፕ የሚለው ስም የመጣው ከደቡብ አፍሪካ ነው። ስፓዮን ኮፕ የሚባል ኮረብታ አለ። በጃንዋሪ 1900 የእንግሊዝ ጦር ከቦኤሮች፣ የደች ዝርያ ካላቸው የአገሩ ሰፋሪዎች፣ ጋር እዚያ ተዋግቶ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው አለቀበት። ከሞቱት ብዙዎቹ ከሊቨርፑልና ከአካባቢዋ የሄዱ ልጆች ናቸው። በ1906 አንፊልድ ላይ ትልቁ የደጋፊ ቁልል ሲሠራ አንድ የከተማው የስፖርት ጋዜጠኛ በዚያ ኮረብታ ስም ጠራው። ስሙ ጸደቀ።

ካታንጋም የጦር ሜዳ ስም ናት። በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከኮንጎ ተገንጥላ የነበረች፣ ጦርነት የሚነድባት ግዛት ነበረች። ኢትዮጵያ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ጠቅል ብርጌድን ወደ ኮንጎ ልካ ነበር። የ54ቱ ዋንጫ ሲበላ ልጆቻችን ገና እዚያው ነበሩ። ስታዲየሙ ውስጥ ግርግሩ የማያባራበት ደረጃ ስሙን ከዚያች ምድር ወሰደ ይባላል። እንግዲህ ሁለት የማይተዋወቁ ከተሞች አሉ። ሁለቱም ልጆቻቸውን ሩቅ አፍሪካ ውስጥ ወዳለ ጦርነት ላኩ። ሁለቱም የዚያን ቦታ ስም አምጥተው የሚዘፍኑበት ደረጃ ላይ ለጠፉት። አንድ የደጋፊ ቦታ ሰነድ የሚሆነው እንዲህ ነው። ስሙ ከጠፋ አብሮት የሚጠፋ ታሪክ አለ።

ግን ናፍቆት ሙታንን መርሳት የለበትም። ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

እነዚያ የሚወደዱት የእንግሊዝና የስኮትላንድ ስታዲየሞች ራሳቸው ከአደጋ የተወለዱ ናቸው። በ1902 ግላስጎው ውስጥ አይብሮክስ ስታዲየም ስኮትላንድና እንግሊዝ ሲጫወቱ የእንጨቱ ደረጃ ተደረመሰ። 25 ሰው ሞተ። ያንን ደረጃ የነደፈው አርቺባልድ ሌች የሚባል መሐንዲስ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሙያውን ይተው ነበር። ሌች ግን አልተወም። በእንጨት ፋንታ አፈር እየቆለለ፣ በላዩ ኮንክሪት እያለበሰ፣ የብረት መደገፊያ እየተከለ መሥራት ጀመረ። ጉዲሰን ላይ፣ አንፊልድ ላይ፣ ቪላ ፓርክ ላይ፣ ፉልሃም ላይ እጁ አለበት። ጉዲሰን ላይ ሰዎች ሲያለቅሱለት የነበረው ያ የተጣለፈ የብረት ጌጥ የእሱ ነው።

አደጋው ግን አልቆመም። በ1946 ቦልተን ውስጥ 33 ሰው ተጨፍልቆ ሞተ። በ1971 እዚያው አይብሮክስ መውጫ ደረጃው ላይ 66 ሰው አለቀ። በ1985 ብራድፎርድ ላይ ከእንጨት ወለሉ ሥር ለዓመታት የተጠራቀመ ቆሻሻ እሳት ያዘ፤ 56 ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ጠፋ። ከዚያ ሂልስቦሮ መጣ።

ኤፕሪል 15 ቀን 1989። ሊቨርፑልና ኖቲንግሃም ፎረስት ለግማሽ ፍጻሜ ሼፊልድ ላይ ተገናኙ። ውጭ የተጨናነቀውን ሕዝብ ለማስተንፈስ ፖሊስ አንድ ትልቅ በር ከፈተ። በሩ ፊት ለፊት መሿለኪያ አለ። መሿለኪያው የሚያወጣው በግራም በቀኝም በፊትም በብረት አጥር የታጠሩ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው። እነሱ ቀድመው ሞልተዋል። በግራና በቀኝ ግን ገና ክፍት ቦታ ነበር። ወደዚያ የመራቸው ሰው የለም። ከኋላ የሚገባው ከፊት ምን እንዳለ አያይም። ከፊት ያለው መውጫ የለውም። ጨዋታው 6 ደቂቃ ሄዶ ቆመ። 97 ሰው ሞተ፤ የመጨረሻው ያረፈው ከ32 ዓመት በኋላ ነው። ለዓመታት ጥፋቱ በደጋፊው ላይ ተለጠፈ። ሰክረው ነው፣ በር ሰብረው ነው ተባለ። ቤተሰቦች 27 ዓመት ታገሉ። በ2016 የፍርድ ሸንጎው ሟቾቹ ያለ ሕግ እንደተገደሉና ደጋፊው ምንም ጥፋት እንደሌለበት ወሰነ።

ከአደጋው በኋላ የፍርድ ቤት ዳኛው ቴይለር ዝነኛውን ሪፖርት አቀረቡ። በላይኞቹ ሁለት ሊጎች ሁሉም ሰው ወንበር ላይ ይቀመጥ ተባለ። ኮፕ ለመጨረሻ ጊዜ ቆሞ ያየው ኤፕሪል 30 ቀን 1994 ነው። ሊቨርፑል በኖርዊች 1 ለ 0 ተሸነፈ። ሰው ግን እየዘፈነ ሸኘው። አንድ ወቅት እስከ 28 ሺህ ሰው ይይዝ የነበረው ኮፕ ዛሬ የሚይዘው 12 ሺህ ገደማ ነው።

አሁን ዋናው ነጥብ ጋ ደረስን። ቴይለር ወንበር ይግባ ሲሉ ዋጋ ይናር አላሉም። ሪፖርታቸው ውስጥ ምሳሌ ሰጥተዋል። አይብሮክስ ላይ መቆሚያው 4 ፓውንድ፣ መቀመጫው 6 ፓውንድ ነው፤ ሌላውም እንዲህ ማድረግ ይችላል የሚል ሐሳብ ነው። ክለቦቹ ወንበሩን ወሰዱ። ምክሩን ተዉት። የቴሌቪዥኑ ገንዘብ መጣ፣ ፕሪሚየር ሊጉ መጣ፣ ዋጋው ወደ ላይ ተተኮሰ። በ2016 ሊቨርፑል አዲስ ለሚሠራው ዋና ትሪቡን እስከ 77 ፓውንድ የሚደርስ ትኬት አወጣ። ደጋፊው ምን አደረገ? ከሰንደርላንድ ጋር ሲጫወቱ 77ኛው ደቂቃ ላይ ተነስቶ ወጣ። ወደ 10 ሺህ ሰው እንደሚሆን ተገምቷል። ሲወጡ ቡድናቸው 2 ለ 0 እየመራ ነበር። ጨዋታው 2 ለ 2 አለቀ። ክለቡ ይቅርታ ጠይቆ ዋጋውን መለሰ።

እኔ ይህን ነገር ደጋግሜ አስባለሁ። ኮፕን ኮፕ ያደረገውን ሰው ያስወጣው ወንበሩ ነው ወይስ ዋጋው? ወንበሩ ሰዉን አስቀመጠ። ከበር የመለሰው ግን ዋጋው ነው። የወደብ ሠራተኛው ልጁን ይዞ መግባት አቃተው። ናፍቆቱም የጀመረው እዚያ ነው።

ጀርመኖች ሌላ መንገድ ሄዱ። ዶርትሙንድ ደቡብ ትሪቡኑ ላይ 24,454 ሰው አቁሞ ያስተናግዳል። ቢጫው ግድግዳ የሚባለው ነው። መግቢያው ከ20 ዩሮ በታች ሆኖ ኖሯል። ዋጋውን ሆን ብለው ነው ዝቅ ያደረጉት፤ ያ ግድግዳ ከሌለ ክለቡም የለም ብለው ያምናሉ። እንግሊዝም ቀስ እያለች ተመለሰች። በጃንዋሪ 2022 በአምስት ስታዲየሞች ቆሞ ማየት በሙከራ ተፈቀደ። የመጀመሪያው ጨዋታ የቼልሲና የሊቨርፑል ነበር፤ 2 ለ 2 ወጡ። ከቀጣዩ የውድድር ዓመት ጀምሮ ደግሞ ለሁሉም ተፈቀደ። አሠራሩ ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ረድፍ ፊት ወገብ የሚደርስ ብረት አለ። ወንበሩ ታጥፎ ይቆለፋል። ለአንድ ሰው አንድ ትኬትና አንድ ቦታ ነው። ከኋላ ቢገፋ ብረቱ ይይዘዋል፤ ማዕበሉ አይወርድም። ያ ሁሉ ጊዜ ገዳዩ መቆም ነው ሲባል ኖሮ፣ ገዳዩ አጥሩ፣ የተዘጋው በርና የሰው አያያዙ እንደነበር በመጨረሻ ገባቸው።

ይህን ለማመን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሜይ 2001 አክራ ላይ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ፤ በሮቹ ተቆልፈው ነበር፤ 126 ሰው ሞተ። በጃንዋሪ 2022 ያውንዴ ላይ፣ ለአፍሪካ ዋንጫ በተሠራው አዲስ ባለ ወንበር ስታዲየም በር ላይ 8 ሰው ተረግጦ አለቀ። ወንበር አዲስ ሊሆን ይችላል። በሩ ካልተከፈተ ግን ሰው ይሞታል።

ወደ ቤታችን እንመለስ።

የእኛ ታሪክ ከእንግሊዝ በአንድ ነገር ይለያል። እነሱ ያጡት የቆመውን ሰው ነው። እኛ ያጣነው ሜዳውን ራሱን ነው። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሊጉን አቋረጠው፤ ውድድሩ ተሰረዘ። በቀጣዩ ዓመት ሊጉ በቴሌቪዥን መተላለፍ ጀመረ። መልካም ነገር ነው፤ ተጫዋቹ ታየ፣ ገንዘብ መጣ። ግን አብሮት ሁሉም ክለብ አንድ ከተማ ላይ ተሰብስቦ የሚጫወትበት አሠራር መጣ። ጥቂት ሳምንት ጅማ፣ ጥቂት ሳምንት ባሕር ዳር፣ ከዚያ ድሬዳዋ፣ ከዚያ ሐዋሳ። ለአዲስ አበባ ደጋፊ ይህ ምን ማለት ነው? ቡናና ጊዮርጊስ ሲገናኙ ከተማዋ ከጠዋት ጀምሮ ቢጫና ቡኒ፣ ብጫና ብርቱካናማ ትሆን ነበር። ያ ደርቢ መቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ሄደ። ጋሼ ዳቧቸውን በላስቲክ ይዘው ሐዋሳ አይሄዱም።

ስታዲየሙም ከአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መስፈርት በታች ሆነና ለእድሳት ገባ። እድሳቱ ዓመታት ፈጀ። ባሕር ዳርም በ2014 ዓ.ም ታገደ። ዋልያዎቹ «የሜዳቸውን» ጨዋታ በሰው አገር መጫወት ጀመሩ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም የሆነውን አስታውሱ። ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈች። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ከዚያ ከ54ቱ ፍጻሜ በኋላ 60 ዓመት ሆኖታል። በወረቀቱ ላይ ባለሜዳዋ እኛ ነን። ጨዋታው የተካሄደው ግን ማላዊ ውስጥ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። እኔ በስልክ ነው ያየሁት። ጎሉ ሲገባ ተነሳሁ። ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። የማንን አንገት ልያዝ?

ለዚህ ነው ካታንጋ ስንብት አላገኘችም የምለው። የአርሰናል ስታዲየም ሃይበሪ በሜይ 2006 ሲዘጋ ቲየሪ ኦንሪ ሦስት አግብቶ ሣሩን ስሞ ተለያየ። የዌስትሃሙ አፕተን ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ባለቤቱ ክለብ ማንችስተር ዩናይትድን 3 ለ 2 ረትቶ ተሸኘ። ሰዎቹ የመጨረሻው ቀን መሆኑን ያውቁ ነበር። አባት ልጁን ይዞ ሄደ። እኛ ግን ተነስተን ስንወጣ «የሚቀጥለው እሑድ» ብለን ነው የተለያየነው።

ድሮውን ማሳመርም አልፈልግም። ስድቡ ነበር። የኋላ ኋላ ደግሞ በየክልሉ ስታዲየሞች ብሔርን እየጠሩ መሳደብና ድንጋይ መወርወር መጣ። ያ ማንንም ሊናፍቀው አይገባም። ሴቶች በብዛት የማይመጡበት ምክንያት ነበር፤ መጸዳጃውም፣ መግቢያው ላይ ያለው ግፊያም፣ የሚወረወረው ቃልም። አዲስ የሚሠራው ይህን ካልቀየረ ለምን ታደሰ?

ወንበር ይግባ፤ መስፈርቱም ይጠይቃል። እኔ ከወንበር ጋር ጠብ የለኝም። ግን ዋጋውን የሚወስን ሰው ከወዲሁ ያስብበት። ከስታዲየሙ አንድ ጥግ፣ ትንሽ ጥግ አይደለም፣ ሰፊ ጥግ፣ የታክሲ ረዳት ከቀን ገቢው ሳይጎድልበት የሚገባበት ይሁን። ጓደኛሞች አብረው የሚቀመጡበት፣ አስጨፋሪው ከፊት ቆሞ ዜማ የሚያነሳበት ቦታ ይኑር። ደርቢው ወደ ከተማው ይመለስ። በሩ ይስፋ፤ ጨዋታ እስኪያልቅ ድረስም ከውስጥ የሚከፈት ይሁን። ስሞቹንም አትንኳቸው። «ምዕራብ ዞን ሐ» የሚል ሰሌዳ መስቀል ቀላል ነው። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ከማን አንሼ ብሎ መጻፍም ያው አንድ ቆርቆሮ ነው የሚፈጀው። ልዩነቱ፣ ይሄኛው ስልሳ ዓመት የተሸከመ መሆኑ ነው። ትኬቱም ላይ ይታተም።

ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ያ ሰው ጥያቄውን ከጠየቀ በኋላ ዝም ብሎ ቆየ። ቴሌቪዥኑ ገና የጉዲሰንን ሰዎች ያሳያል። «አንተ የት ነበር የምትቀመጠው?» አልኩት። እጁን አነሳና አየሩ ላይ አሳየኝ።

«ካታንጋ፣ ከመሀል ትንሽ ወደ ግራ። ከፊቴ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ከኋላዬ ሁለት የአንበሳ አውቶቡስ ሹፌሮች። በቀኜ ታናሽ ወንድሜ። የልብስ ሰፊውን ስም አሥር ዓመት አልጠየቅኩትም። አሁን መንገድ ላይ ባገኘው አልለቀውም።»